ባለትዳርና የልጆች አባት ነበሩ



በአገራችን አንድ ሰው ሲያርፍ፣ ግብዓተ መሬቱ ከመፈጸሙ በፊት አንድ ወረቀት ይነበባል። ድምፁ ጎላ ያለ የቤተሰብ ወዳጅ ወይም የእድሩ ሰብሳቢ ከለቀስተኛው ፊት ይቆምና፣ ሟቹ ከአባታቸው ከአቶ እገሌ፣ ከእናታቸው ከወይዘሮ እገሊት፣ በዚህ አውራጃ በዚህ ዓመተ ምሕረት መወለዳቸውን ይናገራል። ሟቹ ወታደር ከነበሩ ንባቡ ቶሎ ይሞቃል፤ የተቀጠሩበት ዘመን፣ የክፍለ ጦሩ ስም፣ የዘመቱባቸው ግንባሮች፣ ማዕረጉና ሜዳሊያው ይዘረዘራል። መጨረሻው አንቀጽ ላይ ሲደረስ «ባለትዳርና የስድስት ልጆች አባት፣ የአሥራ አንድ የልጅ ልጆች አያት ነበሩ» ይባላል። ከዚያም ለቤተሰቡ መጽናናትን ተመኝቶ አንባቢው ወረቀቱን ያጥፋል።

የዛሬው ንግግር ስለዚያች የመጨረሻ መስመር ነው። ግንባሩ አንድ ዓመት ሆኖ ሙሉ ገጽ ሲወስድ፣ ትዳሩና አባትነቱ ስድሳ ዓመት ሆኖ ለምን በአንድ መስመር ያልፋል? ጥያቄው የጀግንነቱን ታሪክ ለማሳነስ የተነሣ አይደለም። የጀግንነቱን ታሪክ የያዘው ሰው፣ ከጦር ሜዳ ተመልሶ ረጅም ዕድሜ የኖረው ሰው፣ ሙሉውን እንዲታወስ ከመመኘት የተነሣ ነው።

ለዚህ ከኮሪያ ዘማቾች የተሻለ ምሳሌ አይገኝም። ጦርነቱ በተጀመረ ጊዜ ሃያ ዓመት የሞላው ወጣት ዛሬ በሕይወት ካለ ዘጠናን ተሻግሯል። ከዚያ ትውልድ የቀሩት ጥቂቶች ናቸው፤ በየጊዜውም ከእነዚያ ወረቀቶች አንዱ በአንዱ ቤተ ክርስቲያን ግቢ ይነበባል።

አነሣሣቸውን በአጭሩ ማስታወስ ይገባል። የኮሪያ ጦርነት በሰኔ 1942 ዓ.ም. ሲፈነዳ የተባበሩት መንግሥታት ድርጅት አባል አገሮችን እርዳታ ጠየቀ። ኢትዮጵያ ጥያቄውን የሰማችው እንደማንኛውም አገር አልነበረም። ገና አሥራ አራት ዓመት ቀደም ብሎ፣ በሰኔ 1928፣ ንጉሠ ነገሥቱ ጄኔቫ ላይ ቆመው ለተወረረች አገራቸው ተመሳሳይ እርዳታ ጠይቀው መልስ አጥተው ነበር። ስለዚህ ከክብር ዘበኛ የተመረጠ ሻለቃ ጦር ተዘጋጀ፤ በንጉሠ ነገሥቱ አባት በልዑል ራስ መኰንን የፈረስ ስምም «ቃኘው» ተባለ። የክብር ዘበኛው አዛዥ ጄኔራል ሙሉጌታ ቡሊ ነበሩ። ሻለቃው በሚያዝያ 1943 መጀመሪያ ከጅቡቲ በአሜሪካ መርከብ ተሳፍሮ በወሩ መጨረሻ ቡሳን ወደብ ደረሰ።

የዚያን ጊዜውን ወጣት ማሰብ ደግ ነው። በ1922 ዓ.ም. ተወልዶ ከሆነ፣ ጣሊያን አዲስ አበባ ሲገባ የስድስት ዓመት ልጅ ነበር። ልጅነቱን በወረራ ያሳለፈ፣ አባቱን ወይም አጎቱን ጫካ ሲገባ ያየ፣ ምናልባትም ያጣ ትውልድ ነው። ባሕር አይቶ አያውቅም። በረዶ ካየም የሚያውቀው በክረምት ከሰማይ የሚወርደውን ጠጠር እንጂ፣ ተራራውን ሁሉ ነጭ አልብሶ ለወራት የሚቀመጠውን የኮሪያን በረዶ አይደለም። ከአፍሪካ እግረኛ ጦር የላከችው ኢትዮጵያ ብቻ ነበረች፤ ደቡብ አፍሪካ የላከችው የአየር ኃይል ቡድን ነው። ቃኘው ከአሜሪካ ሰባተኛ እግረኛ ክፍለ ጦር ጋር ተመድቦ በመካከለኛው ግንባር ኮረብታዎች ላይ ተዋጋ። አንዱ ሻለቃ ዓመት ገደማ ቆይቶ በሌላው እየተተካ፣ ሦስቱ ሻለቆች በጦርነቱ ጊዜ፣ ሁለቱ ከሐምሌ 1945ቱ የተኩስ ማቆም ስምምነት በኋላ ተሰለፉ። ስለ ዘማቾቹ ሲነገር አብዛኛውን ጊዜ የሚጠቀሰው ጠቅላላ ቁጥር 6,037 ነው። ከ120 በላይ ሞቱ፤ ከ500 በላይ ቆሰሉ። አንድም ሰው አልተማረከም። የሞቱትም አጽማቸው ወደ አገራቸው ተመልሷል።

ከእነዚህ ሰዎች አንዱ ሻምበል ማሞ ሀብተወልድ ናቸው። በ1945 ዓ.ም. በሦስተኛው ቃኘው ውስጥ ወጣት መኮንን ሳሉ፣ አንድ አሜሪካዊ የተጨመረበት የአሥራ አምስት ሰው ቅኝት መርተው ሌሊት ወጡ፤ ሦስት መቶ በሚገመት የቻይና ጦር ተከበቡ። ጓዶቻቸው ዙሪያቸውን ሲወድቁ፣ እርሳቸውም ቆስለው፣ የሚሠራ ሬዲዮ ፈልገው አግኝተው የመድፍ ተኩስ እስኪያስጠሩ ድረስ ሰዓታት ተዋጉ። አሜሪካኖች ሲልቨር ስታር የተባለውን የጀግንነት ሜዳሊያ ሸለሟቸው። ይህን ታሪክ በሰማንያዎቹ ዕድሜያቸው ለውጭ አገር ጋዜጠኛ ሲተርኩ፣ ከዚያ ሌሊት ወዲህ ስድሳ ዓመት ሊሞላ ጥቂት ነበር የቀረው። ሌሊቱ መጻፉ ታላቅ ነገር ነው። ስድሳው ዓመት ግን አሁንም ጸሐፊ ይፈልጋል።

አሜሪካዊው የጦር ታሪክ ጸሐፊ ኤስ. ኤል. ኤ. ማርሻል ስለ ፖርክ ቾፕ ኮረብታ በጻፈው መጽሐፍ የቃኘውን ቅኝቶች በአድናቆት ተርኳል። ግሪካዊው ጋዜጠኛ ኪሞን ስኮርዲሊስም ቃኘውን ብቻ የሚመለከት መጽሐፍ በ1954 እ.ኤ.አ. አሳትሟል። ሁለቱም ሰዎቹን ያገኟቸው ምሽግ ውስጥ ነው። በመጽሐፎቹ ውስጥ ያሉት ወታደሮች ሁልጊዜ የሃያና የሃያ አምስት ዓመት ልጆች ናቸው። ዘመን አልፎ ያገባው፣ ልጁን አዝሎ ጤና ጣቢያ የሮጠው፣ ጡረታ ለማውጣት ሰልፍ የቆመው ሰው ግን ማርሻልም ስኮርዲሊስም ሊያውቁት አይችሉም። እርሱን የምናውቀው እኛ ነን። ዕዳውም የእኛ ነው።

ተመላሹ ምን ጠበቀው? አንዳንዱ በየካ በኩል ለዘማቾች የተሰጠውን መሬት አግኝቶ ቤት ሠራ፤ መንደሩም እስከ ዛሬ ኮሪያ ሰፈር ይባላል። ብዙው ወደ ጦር ሰፈሩ ተመለሰ፤ አገባ፤ ልጅ ወለደ። ገና ጥቂት ዓመት ሳይቆይ ኮንጎ መጣ። ከ1952 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ ኢትዮጵያ ለተባበሩት መንግሥታት ወታደር ስትልክ፣ ኮሪያን ያየው ሰው እንደገና ሻንጣውን አሰረ። በዚህ ጊዜ ግን በሩ ላይ ቆማ የምትሸኘው ሚስት፣ ቀሚሷን ይዘው የሚያለቅሱ ሕፃናት አሉ።

ከዚያ ታኅሣሥ 1953 ደረሰ። በወቅቱ የክብር ዘበኛው አዛዥ የነበሩት ብርጋዴር ጄኔራል መንግሥቱ ንዋይ የመሩት መፈንቅለ መንግሥት ሲሞከር፣ ቃኘውን ያፈራው ክፍል ራሱ ከምድር ጦርና ከአየር ኃይል ጋር አዲስ አበባ ላይ ተታኮሰ። በገነተ ልዑል ቤተ መንግሥት ከተገደሉት ታጋቾች መካከል ጄኔራል ሙሉጌታ ቡሊ ነበሩ፤ ቃኘውን አሠልጥነው የሸኙት ሰው። በኮሪያ የኢትዮጵያ ጦር አዛዥ የነበሩትና በኋላም በኮንጎ የተባበሩት መንግሥታትን ጦር በጠቅላላ የመሩት ሌተና ጄኔራል ከበደ ገብሬ ደግሞ ከአሥራ አራት ዓመት በኋላ፣ ኅዳር 14 ቀን 1967፣ ደርግ ያለ ፍርድ ከረሸናቸው ስድሳ ሰዎች አንዱ ሆኑ። የሁለቱ አዛዦች አሟሟት ስለ ተራው ዘማች ዕድሜ አንድ ነገር ይነግረናል። ኮሪያ ያልገደለችውን ሰው ከተማው ሊገድለው ይችል ነበር። በእነዚያ ዓመታት መካከል አልፎ ሰማንያና ዘጠና የደረሰ አባት ዕድሜውን በጸጋ ብቻ አላገኘውም፤ በጥንቃቄ፣ በዝምታ፣ አንዳንዴም ሌሊት ሚስቱ በመከረችው ምክር አገኘው።

ዝምታው ሊታለፍ የማይገባው ነገር ነው። ከ1967 ወዲህ መንግሥቱ ወደ ሶሻሊስቱ ጎራ ሲዞር፣ ሰሜን ኮሪያ ወዳጅ አገር ሆነች። ለደቡብ ኮሪያ መዝመት ድንገት መኩሪያነቱ ቀርቶ መጠርጠሪያ ሆነ። በመስከረም 1977፣ የአብዮቱ አሥረኛ ዓመት ሲከበር፣ አዲስ አበባ ጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ፊት ለፊት የትግላችን ሐውልት ተመረቀ፤ ከሰሜን ኮሪያ በተገኘ እርዳታ የተሠራ ነው። የቃኘው ዘማች ከሥራ ሲመለስ በዚያ በኩል በአውቶቡስ ያልፋል። ምን ያስብ ነበር? ልጁ ትምህርት ቤት ስለ ፀረ ኢምፔሪያሊስት ትግል ተምሮ ሲመለስ አባት ምን መለሰለት? ፎቶግራፉን ከግድግዳ ያወረደው ማን ነው? ወርዶስ የት ተቀመጠ? ከሳጥን ሥር፣ ከሠርግ ቀሚሱ ጋር ተጠቅልሎ? እነዚህ ጥያቄዎች ከማንኛውም የጦር ሜዳ ጥያቄ ያልተናነሰ የታሪክ ክብደት አላቸው። መልሳቸውም በየትኛውም አገር መዝገብ ቤት አይገኝም፤ በቤት ውስጥ ብቻ ነው ያለው።

አንዳንድ ልጆች አባታቸው ኮሪያ መዝመቱን ያወቁት ካደጉ በኋላ ነው ቢባል ሊያስገርም አይገባም። ለልጅ የሚነገረው ነገር በጎረቤት ጆሮ እንደሚደርስ የሚያውቅ አባት፣ ልጁን የሚጠብቀው ባለመናገር ነው። ይህ አባትነት ነው፤ ያውም ከባዱ ዓይነት። የወጣበት ኮረብታ ቁጥር በወረቀቱ ላይ ሲጻፍ፣ ለአሥራ ሰባት ዓመት ስለ ኮረብታው አፉን ይዞ ልጆቹን ማሳደጉ አብሮ ሊጻፍ ይገባዋል።

ሚስትየዋስ? የወታደር ሚስት ታሪክ ከወታደሩም ታሪክ በታች ተቀብሯል። ባልዋ ባሕር ማዶ ሳለ ተቆራጭ ትቀበላለች፤ ወሩ እስኪያልቅ በዚያ ታብቃቃለች። ደብዳቤ ሲመጣ ማንበብ ካልቻለች ለሰፈሩ ተማሪ ወይም ለንስሐ አባቷ ታስነብባለች፤ ማለትም ባልዋ ለእርሷ ብቻ የጻፈውን ሌላ ሰው ቀድሞ ያውቀዋል። መልሱንም በሌላ ሰው እጅ ታስጽፋለች፤ ሕፃኑ መታመሙን ልትነግረው ብትፈልግም፣ በዚያ ብርድ ምሽግ ውስጥ ያለ ሰው ምን ያደርጋል ብላ «ሁላችንም ደኅና ነን» አስብላ ታሳሽጋለች። ከኮሪያ ቀጥሎ ኮንጎ፣ ከኮንጎ ቀጥሎ ኦጋዴን፣ ከዚያ ሰሜን እያለ ዘመኑ ሲነጉድ፣ የባልዋን መሄድ ስትጠብቅ ኖራ የልጇን መሄድ የሸኘች ብዙ ናት። በ1983 የቀድሞው ሠራዊት ሲበተን፣ አባትና ልጅ ሁለቱም የቀድሞ ወታደር ሆነው በአንድ ጣሪያ ሥር የተቀመጡበት ቤት ነበር። እንጀራውን ያቀረበችው እርሷ ናት። ለእርሷ ሜዳሊያ የለም።

ደቡብ ኮሪያውያን በበኩላቸው ረስተው አያውቁም፤ ይህን ሳይናገሩ ማለፍ ነውር ነው። ቹንቾን በተባለችው ከተማቸው የኢትዮጵያ ዘማቾች መታሰቢያ ሐውልት በ1960 ዓ.ም. ሲቆም ንጉሠ ነገሥቱ ራሳቸው ተገኝተዋል። አጠገቡ በዚያው ዘመን የተከፈተው «የኢትዮጵያ ቤት» የተባለ ቡና ቤት ዛሬም ቡና ያፈላል። ኋላም ጣሪያው እንደ ጎጆ የተሠራ የመታሰቢያ አዳራሽ ተጨመረ። እዚህም አዲስ አበባ አፍንጮ በር የመታሰቢያ ፓርክ አለ፤ የደቡብ ኮሪያ ፕሬዚዳንቶች ሊ ሚዩንግ ባክ በ2003፣ ፓርክ ጉን ሄ በ2008 አዲስ አበባን ሲጎበኙ ከአረጋውያኑ ጋር ተገናኝተዋል። ገርጂ ያለውን፣ ሰው ሁሉ ኮሪያ ሆስፒታል የሚለውን ሆስፒታልም ኮሪያውያን ናቸው የከፈቱት። የልጅ ልጆች በነፃ ትምህርት ዕድል ወደ ሴኡል ሄደው ተምረዋል።

በዚህ ሁሉ ውስጥ አንድ የሚያጽናና ነገር አለ። ዘማቾቹ በጦርነቱ ጊዜ ዶንግዱቾን ላይ ወላጅ አልባ ለሆኑ ኮሪያውያን ሕፃናት መጠለያ እንዲቆም ረድተዋል፤ ከደመወዛቸው ያዋጡ ነበር። ሃያ ዓመት ያለፈው ገና ልጅ ያልወለደ ወጣት፣ ቋንቋውን የማያውቀውን ሕፃን ሲያበላ የነበረውን ሥዕል አስቡት። የአባትነቱ ታሪክ የሚጀምረው ከዚያ ነው ለማለት ይቻላል። ግንባሩና ቤቱ እኛ እንደምናስበው የተራራቁ ሁለት ሕይወቶች አይደሉም።

ሴኡል በሚገኘው የጦርነት መታሰቢያ ግድግዳ ላይ የወደቁት ኢትዮጵያውያን ስም ተቀርጿል። ግድግዳው የሚቀበለው የወደቁትን ነው። ተመልሶ የኖረው፣ ያረጀው፣ በሰባተኛው ልጁ ክርስትና ላይ የጨፈረው ሰው ስሙ የሚቀረጽበት ድንጋይ የለም። ጄኔራል ከሆነ ዕድል ሊቀናው ይችላል፤ ሌተና ጄኔራል ጃገማ ኬሎን ውሰዱ። በአሥራ አምስት ዓመታቸው ጣሊያንን ሊወጉ ጫካ የገቡት፣ «የበጋው መብረቅ» የተባሉት አርበኛ፣ በሕይወት ሳሉ ፍቅረማርቆስ ደስታ ታሪካቸውን በመጽሐፍ አወጣላቸው። በ2009 ዓ.ም. በዘጠና ስድስት ዓመታቸው ሲያርፉ አገር ያዘነው የሚያውቀውን ሰው ቀበርኩ ብሎ ነው። የአሥር አለቃው፣ የሃምሳ አለቃው መጽሐፍ ግን በልጆቹ እጅ ነው። ልጆቹ ካልጻፉት ማንም አይጽፈውም።

እንዴት ይጻፍ? እዚህ ላይ ብዙዎቻችን የምንስተው አለ። ሽማግሌ አባት ፊት ተቀምጠን «አባባ፣ ስለ ጦርነቱ ይንገሩኝ» እንላለን። እርሳቸውም ለእንግዳ ሁሉ የሚናገሩትን፣ ለበዓል ቀን ለጋዜጠኛ የተናገሩትን ይደግሙልናል። ጥሩ ጥያቄ ትንሽ ጥያቄ ነው። አባባ፣ የመጀመሪያ ደመወዝዎን ምን ገዙበት? ከኮሪያ ሲመለሱ ለእናትዎ ምን አመጡላቸው? በመርከቧ ላይ አጠገብዎ የተኛው ማን ነበር፣ የት አገር ሰው? ጾም ሲሆን ምን ትበሉ ነበር? እማማን ለመጀመሪያ ጊዜ ያዩአቸው የት ነው፣ አማላጅ የላኩት ማንን ነው? የመጀመሪያ ልጅዎ ሲወለድ የት ግዳጅ ላይ ነበሩ፣ ወሬውንስ ማን አመጣልዎ? በሌሊት ባንነው የሚነሡት ምን እያዩ ነው? የመጨረሻዋን ጥያቄ የሚጠይቅ በመጀመሪያው ቀን አይጠይቃት፤ ከሁሉም በኋላ፣ ሰው ሳይበዛ፣ መልስ ካልመጣም ሳያስጨንቅ ይለፋት።

ወረቀትም ይሰብሰብ። የዘመቻ ምስክር ወረቀት፣ የጡረታ ደብተር፣ የቤት ካርታ፣ ፎቶግራፍ፤ በተለይ ፎቶግራፍ። ከፎቶው ጀርባ ላይ በእርሳስ ስምና ዓመት ይጻፍ፤ በቃኘው ፎቶዎች ላይ ተቃቅፈው የቆሙት አምስትና ስድስት ወጣቶች ማን እንደሆኑ የሚያውቀው ሰው አንድ ብቻ ሊሆን ይችላል። ቤተሰብ ማስቀመጥ ካልቻለ ቤተ መጻሕፍት ወመዘክር እንዲህ ያለውን ቅርስ ለማኖር የቆመ ተቋም ነው። ቅጂው በቤት፣ ዋናው በዚያ ቢቀመጥ ከእሳትም ከውርስ ክርክርም ይድናል።

አሁን ደግሞ የሚያስቸኩለው ጉዳይ። ዘማቾቹ ከሞላ ጎደል አልፈዋል፤ በዚህ አዳራሽ ካላችሁት ውስጥ «አባቴን ሳልጠይቀው አመለጠኝ» የምትሉ ትኖራላችሁ። እናቶቻችሁ ግን ብዙዎቹ አሉ። በዚያ ዘመን ሴት ልጅ የምትዳረው ከእርሷ አሥር፣ አሥራ አምስት ዓመት ለሚበልጣት ሰው ስለነበር፣ የዘጠና አምስት ዓመቱ ዘማች ቢያርፍም የሰማንያ ዓመቷ ባለቤቱ በቤቷ አለች። ተቆራጩ ስንት ብር እንደነበር ታውቃለች። ፎቶው የት እንደተደበቀ ታውቃለች። ማታ ማታ ስለ ማን እያነሣ ያለቅስ እንደነበር፣ የትኛውን ጓደኛውን በሕልሙ እንደሚጠራ የምታውቀው እርሷ ናት። ሰው ሊጠይቃት ስላልመጣ ግን የሚጠየቅ ነገር አለኝ ብላ አታስብም። «እኔ ምን አውቃለሁ፣ እርሱ ነው እንጂ የዘመተው» ትላለች። እንዲህ ስትል አትነሡ፤ ቡናው እስኪፈላ ጠብቁ፣ ስልካችሁን ለመቅዳት አስተካክሉና «እማማ፣ እርሱ በሄደ ጊዜ እርስዎ ምን ያደርጉ ነበር?» ብላችሁ ከእርሷው ጀምሩ።